ባንዲራ እንዴት ይሰፋል፦ ከደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ

መስከረም ሊያልቅ ሲል ሱቄ በባንዲራ ትእዛዝ ይጨናነቃል። የሰንደቅ ዓላማ ቀን የሚከበረው በጥቅምት የመጀመሪያው ሰኞ ነው። ትምህርት ቤቶች ክረምት የበላውን ባንዲራ አውርደው አዲስ የሚፈልጉት ያኔ ነው። ዘንድሮ ታዲያ አንዲት ወጣት አስተማሪ ለየት ያለ ነገር ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ልጆቹ ራሳቸው እንዲሰፉት ነው ያሰብነው። እርስዎ አሠራሩን ብቻ ይንገሩን» አለችኝ።

በጣም ደስ አለኝ። መለኪያውን፣ ጨርቁን፣ ስፌቱን ነገርኳት፤ እሷም ደብተሯ ላይ ጻፈች። ማታ ቤቴ ገብቼ ቡና እያፈላሁ ሳስበው ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኳት። እንዴት እንደሚቆረጥ ነገርኳት እንጂ ምን እንደሚቆረጥ አልነገርኳትም። ልጅ ደግሞ ይጠይቃል። «አረንጓዴው ለምን ከላይ ሆነ?» የሚል አንድ ልጅ አይጠፋም። ስለዚህ ለእሷም፣ እንደ እሷ ለሚሞክር ሁሉም ይኼን ጻፍኩ።

እኔ ሙያውን የወረስኩት ከአባየ ነው። የእሱ ሲንጀር መኪና ዛሬም ሱቄ ውስጥ አለች። ለቀሚስ ሌላ መኪና አለኝ፤ ባንዲራ የምሰፋው ግን በእሷ ነው። ስፌቷ ጥብቅ ነው፣ ወፍራም እጥፋት አይበግራትም።

ጨርቁ

ከሁሉም በፊት ባንዲራው የት እንደሚውል ጠይቁ። ቤት ውስጥ፣ ቢሮ ጥግ ላይ የሚቆም ከሆነ ሳቲን ያምርበታል። ደጅ የሚሰቀል ከሆነ ሳቲንን እርሱት። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በሁለት ወር ውስጥ ክር ክር ያደርገዋል። ለደጅ ቀለል ያለ ፖሊስተር ይሻላል። ውሃ ቶሎ ይደርቅለታል፤ ትንሽ ነፋስም ያነሳዋል። ወፍራም ጥጥ ግን ዝናብ ጠጥቶ ዘንጉ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል።

ቀለሙን በሱቅ መብራት አትምረጡ። ሦስቱንም ጥቅል ደጅ አውጡና ፀሐይ ላይ አንዱን ካንዱ አጠገብ ዘርጉ። ነጋዴው ቢያጉረመርም ችግር የለም። አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አይሁን። ቢጫው የሎሚ ቢጫ አይሁን፤ መስከረም ላይ ሜዳችንን የሚሞላውን አደይ አበባ አስቡ። ቀዩም ወደ ወይን ጠጅ እንዳይሄድ።

አሁን የምነግራችሁን በተለይ ልብ በሉ፣ እኔ ተጎድቼ የተማርኩት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ለአንድ ትምህርት ቤት ባንዲራ ሰፋሁ። ቀዩን ጨርቅ ሳልፈትሸው በቀጥታ ቆረጥኩት። ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ መታው። እርጥቡን ባንዲራ አውርደው አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። በማግስቱ ሲዘረጉት ቀዩ ቢጫው ላይ ወርዶ፣ ቢጫው መሐሉ ላይ የተፋቀ ብርቱካን መስሏል። ዘበኛው ይዞልኝ ሲመጣ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ። ሌላ ሰፍቼ በነፃ ሰጠሁ፤ ቁጭቱ ግን እስካሁን አለ።

ስለዚህ ከመቁረጣችሁ በፊት ነጭ የአቡጀዲ ቁራጭ አርጥባችሁ ቀዩን እሹበት። አቡጀዲው ከቀላ ያን ጨርቅ አትግዙት። ካልቀላም ቤት ስትገቡ ሦስቱንም ለየብቻ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። ጥጥ ካለበት የሚሸበሸበው ያኔ ይሸበሸባል። ሲደርቅ በካውያ ተኩሱትና ለመቁረጥ ዝግጁ ነው።

ልኩ፣ እና ለምን እኩል እንደሆነ

የባንዲራ ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ ነው። ወርዱ 90 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ርዝመቱ 180 ይሆናል። ሦስቱ ቀለሞች እኩል ናቸው፣ ተሰፍተው ሲያልቁ እያንዳንዳቸው 30 ሳንቲ ሜትር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ላይም ተጽፏል፦ ከላይ አረንጓዴ፣ ከመሐል ቢጫ፣ ከታች ቀይ፣ አግድም በእኩል መጠን የተሠራ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «እኩል ከሆኑማ ሦስቱንም እኩል ልቁረጥ» ይላል። ሦስቱንም 33፣ 33 ሳንቲ ሜትር ቆርጦ ይሰፋል። ሲጨርስ ቢጫው 30 ይወጣል፤ አረንጓዴውና ቀዩ ግን 28 ተኩል ሆነው ቁጭ ይላሉ። ምክንያቱም የመሐሉ ቢጫ በሁለቱም ጠርዝ ለመጋጠሚያ ብቻ ነው የሚገባው፣ በየጎኑ 1 ተኩል። የላይኛውና የታችኛው ግን በአንድ ጎን መጋጠሚያ፣ በሌላው ጎን ቅምቅማት አለባቸው። ቅምቅማት ደግሞ 3 ሳንቲ ሜትር ይበላል፦ አንዱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ሁለቱ ይተኛል።

ስለዚህ ቢጫውን 33፣ አረንጓዴውንና ቀዩን 34 ተኩል አድርጋችሁ ቁረጡ። ርዝመቱን ሦስቱንም 190። ከዚያ ውስጥ 6 ሳንቲ ሜትር በዘንጉ በኩል ይታጠፋል፣ 4 በነፋሱ በኩል፣ በሚውለበለበው ጫፍ ማለት ነው። አቆራረጡ በጨርቁ ቁመት ይሁን፤ በወርዱ ከቆረጣችሁት እየተሳበ ይረዝማል። ጨርቁ ወርዱ 150 ከሆነ ከአንድ ቀለም ሁለት ሜትር ገዝታችሁ አራት ቁራጭ ታወጣላችሁ። ከየቀለሙ ሁለት ሁለት ሜትር፣ አራት ባንዲራ።

ይኼ ልኬት እኔን ሁልጊዜ ያሳስበኛል። አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ከመሬት አይታይም የሚል አለ። ይታያል። አባየ ዘንጉ ሥር ቆሞ ቀና ብሎ አይቶ «ቀዩ ቀጥኗል» ካለ አውርዶ ይፈታው ነበር። ቀዩ የምንድን ነው ብላችሁ ስታስቡት፣ ማቅጠን እጅ ላይ ይከብዳል።

ትርጉሙን እንግዲህ። የ2001 ዓ.ም. የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ፣ ቁጥር 654፣ አረንጓዴውን የሥራ፣ የልምላሜና የእድገት፣ ቢጫውን የተስፋና የፍትሕ፣ ቀዩን ለነፃነትና ለእኩልነት የተከፈለ መስዋዕትነትና የጀግንነት ምልክት ይለዋል። አባየ ይኼን ሁሉ አይልም ነበር። አረንጓዴው ጤፉ፣ ቢጫው አደዩ፣ ቀዩ ደሙ ነበር የሚለኝ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ ከቀስተ ደመና ያያይዙታል፤ እግዚአብሔር ከጥፋት ውሃ በኋላ ለኖኅ የሰጠው የቃል ኪዳን ምልክት ነው፣ እኛም የማርያም መቀነት የምንለው። ለትንንሽ ልጆች እኔ ይኼኛውን እመርጣለሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዝናቡ ቆም ሲል ደጅ ወጥተው በዓይናቸው ያዩታልና።

ቀስተ ደመናን ከላይ ወደ ታች ብታዩት ግን ከላይ ያለው ቀዩ ነው። ባንዲራችንም እንደዚያ የነበረበት ጊዜ አለ።

የቀለሙ ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ሦስቱ ቀለሞች አንድ ላይ አልተሰፉም ነበር። ለየብቻ እንደ ረጃጅም ቁራጭ ጨርቅ አንዱ ካንዱ በላይ ሆነው ዘንግ ላይ ይታሰሩ ነበር። በአንድ ጨርቅ ላይ፣ አራት ማዕዘን ሆነው የመጡት ከዐድዋ ድል በኋላ፣ በ1890 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ ነው። ያኔ ቀዩ ከላይ፣ አረንጓዴው ከታች ነበር፤ መሐሉ ላይ የምኒልክ የስማቸው መጀመሪያ «ም» ፊደል አለችበት። በኋላ ተገልብጦ አረንጓዴው ከላይ ሆነ። ጋና በ1949 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ እነዚህኑ ሦስት ቀለሞች ከኢትዮጵያ ወስዳ ቀዩን ከላይ አድርጋ፣ መሐሉ ላይ ጥቁር ኮከብ አስቀምጣለች።

ጎጃም ከዐድዋ በፊት የራሱ ንጉሥ ነበረው። ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. በአፄ ዮሐንስ እጅ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ነገሡ። ከተማችንም ያኔ መንቆረር ነበር የምትባለው። በዚያ ዘመን የሹመት ምልክት ነጋሪትና እምቢልታ ነው። ሰው ነጋሪቱ ሲመታ ሰምቶ ማን እንደመጣ ያውቃል። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ንጉሡ ከምኒልክ ጋር ተዋግተው ተሸነፉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ግን የጎጃምን ጦር ይዘው ዐድዋ ላይ ከምኒልክ ጎን ቆሙ። ለልጆች ይኼን ሁለቱንም ንገሯቸው። የተዋጉ ሰዎች አንድ ላይ የቆሙበት ቀን ነው ከእነዚህ ቀለሞች ጀርባ ያለው።

ስለ ስሙ ለሚጠይቅ ደግሞ፦ ሰንደቅ ማለት ዘንጉ ነው፣ ዓላማ ምልክቱ፣ ጨርቁ። ባንዲራ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። እኔ በአፍ የለመድኩት ባንዲራ ነው፤ ደረሰኝ ላይ ግን ሰንደቅ ዓላማ ብዬ እጽፋለሁ።

ስፌቱ

የጂንስ ሱሪ የእግር ስፌት አይታችኋል? ድርብ ነው፣ ጥሬ ጠርዝ አይታይበትም። ባንዲራም እንደዚያ ነው የሚሰፋው። አረንጓዴውንና ቢጫውን ፊት ለፊት አጋጥሙ፣ በስፒል ያዙ፣ 1 ተኩል ሳንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፉ። ከዚያ የቢጫውን ትርፍ ብቻ ግማሹን ቁረጡለት። የአረንጓዴው ትርፍ ረዘም ብሎ ይቀራል። እሱን በቢጫው ትርፍ ላይ ጠቅልላችሁ ወደ ታች፣ ወደ ቢጫው አስተኙትና በላዩ ስፉበት። ክሩ ቢጫ ይሁን፣ ስፌቱ የሚያርፈው ቢጫው ላይ ነውና። ከጀርባ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ይታያል፤ ችግር የለውም። ቢጫውንና ቀዩንም እንደዚሁ፣ እጥፋቱን ወደ ቀዩ አስተኝታችሁ በቀይ ክር። እጥፋቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ይተኛ። እንደ ሣር ክዳን ነው፣ ከላይ ወደ ታች ካልተደራረበ ውሃ ይቋጥራል።

ጨርቁን አትጎትቱት። ልጆች ስፌቱ ቶሎ እንዲሄድላቸው ከኋላ ይስባሉ፤ ያኔ መጋጠሚያው ይኮማተራል፣ ባንዲራው ሲሰቀል ሞገድ ይሠራል። መኪናዋ ራሷ ትውሰደው።

ላይና ታቹን ቀምቅሙ። በነፋሱ በኩል ያለውን ጠርዝ ግን ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ አራት መስመር ስፉበት። ባንዲራ የሚያረጀው ከዚያ ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ደግሞ ከውስጥ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቁራጭ አስገቡ። በዘንጉ በኩል ያለውን 6 ሳንቲ ሜትር አጥፋችሁ ስትሰፉ ውስጡ ጠንካራ ጥጥ ጨርቅ ይኑርበት፣ ገመዱ የሚጎትተው እሱን ነው።

መሐሉ ላይ ያለው

በባንዲራ ላይ ብዙ የተለዋወጠው መሐሉ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘውድ የደፋ የይሁዳ አንበሳ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ከአንበሳው ራስ ላይ ወረደ። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን አባየ ሱቅ ውስጥ በጥልፍ የተሠራ አንበሳ ያለበት ባንዲራ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ በምላጭ ዘውዱን ክር በክር ሲፈታ አየሁት። ሲጨርስ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። ክሩ የለም፣ የመርፌው ቀዳዳ ግን ዘውዱን እንደሣለ አለ። በካውያ ቢተኩሰውም አልጠፋም።

ከዚያ በ1979 ዓ.ም. ባለ ኮከብ የኢሕዴሪ፣ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ ዓርማ መጣ። ከ1983 በኋላ እሱም ተነሳ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ሰማያዊ ክብ ላይ ቢጫ ኮከብ ያለበት ዓርማ መጣ፣ አሁን ያለው። ሕገ መንግሥቱ ዓርማው ብሔር ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ ያንጸባርቃል ይላል። ሰማያዊው የሰላም ምልክት ነው።

ለትምህርት ቤትና ለመሥሪያ ቤት የሚሰፋው ዓርማ ያለው ነው። ዓርማውን ልጆች በእጅ ባይሞክሩት ይሻላል፤ ታትሞ የተዘጋጀ አሠሩ። ሁለት ይሁን፣ ለፊትና ለጀርባ። መሐሉን ለማግኘት ባንዲራውን ሁለት ጊዜ አጥፉት፣ የዘንጉን እጥፋት ግን አትቁጠሩ። እሱን ከቆጠራችሁ ዓርማው ወደ ዘንጉ ይጠጋል። የኮከቡ አንዱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ አረንጓዴው መመልከቱን በሁለቱም ጎን አረጋግጡ። ከጀርባ ያለውን ገልብጦ መስፋት በጣም ቀላል ነው። መጀመሪያ በሰፊ የእጅ ስፌት ያዙት፣ ገልብጣችሁ እዩት፣ ከዚያ ወደ መኪና።

የክልል ሰንደቅ ዓላማ ስፉልን ብለው የሚመጡም አሉ። ያው አንቀጽ 3 የፌዴሬሽኑ አባላት የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ ሊኖራቸው እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ዝርዝሩን የየክልሉ ምክር ቤት ነው የሚወስነው። የኦሮሚያው ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ የኦዳ ዛፍ አለው፤ የትግራዩ ቀይና ቢጫ ነው። የእኛን የአማራውንም ጨምሮ፣ የየትኛውንም ክልል ባንዲራ ከስልክ ፎቶ አይታችሁ እንዳትሰፉ። ያዘዛችሁ መሥሪያ ቤት ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ናሙና ከነልኩ ያምጣ። ሰው የእኔ ብሎ የሚያየው ነገር ነው፤ በግምት አይቆረጥም።

ሌላው ትእዛዝ የበዓል ነው። ለጥምቀት ወጣቶች መንገዱን የሚያስጌጡበት ረጅም ባለ ሦስት ቀለም ጨርቅ አለ፤ እሱ አንድ ጊዜ ቀምቀም ከተደረገ ይበቃል። የምወደው ግን የእንጅባራው ነው። ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ቀን፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ዐድዋን እያሰቡ ይወጣሉ። ፈረሶቻቸው በሦስቱ ቀለም ያጌጣሉ። ለፈረስ ስትሰፉ ጨርቁ ቀላል፣ ጠርዙ ለስላሳ ይሁን። ሻካራ ስፌት አንገቱን ይልጠዋል።

አሰቃቀሉ

ገመዱን ከማሰራችሁ በፊት አንድ ልጅ ጮክ ብሎ «አረንጓዴ ከላይ» ይበል። እኔ ሱቄ ውስጥም እላለሁ። በዘንጉ በኩል ባለው እጥፋት ላይ፣ አረንጓዴው ጫፍ ጋ፣ በትንሹ በአረንጓዴ ክር ምልክት አድርጉበት፤ ማለዳ ጨለም ባለ ጊዜ የሚሰቅለው ዘበኛ በእጁ ዳሶ ያውቀዋል።

ሲሰቀል ለልጆቹ የምትነግሩት ታሪክ ካስፈለገ ሩቅ አትሂዱ። ጣሊያን አገራችንን በያዘባቸው አምስት ዓመታት፣ አርበኛው በላይ ዘለቀና ሌሎች የጎጃም አርበኞች ጫካ ገብተው ተዋጉ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ማግስት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ወሰን ተሻግረው፣ ያኔ በጎጃም ውስጥ በነበረችው ኦሜድላ ላይ ባንዲራውን ሰቀሉ። ጦሩ በበላያ፣ በቡሬ፣ በደምበጫ አድርጎ መጣ። መጋቢት 28 ንጉሡ እዚህ ደብረ ማርቆስ ገቡ። አዲስ አበባ የገቡት ከዚያ በኋላ ነው፣ ሚያዝያ 27። ልጆቹ መንገዱን ያውቁታል። አንዳንዱ አክስቱ ቡሬ ናት፣ ሌላው ደምበጫ በአውቶቡስ አልፏል። ባንዲራው በዚያ መንገድ ነው የተመለሰው ስትሏቸው ዓይናቸው ይበራል። አስተማሪዋ ከበዓሉ በኋላ መጥታ ይኼንኑ ነገረችኝ፤ አንድ ልጅ «በእኛ በር አልፏል ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

ጥገናው

ማታ ሲወርድ መሬት አይንካ፣ ሁለት ልጅ ይያዘው። እርጥብ ከሆነ አታጣጥፉት፤ ምን እንደሚሆን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ጥላ ሥር ዘርግታችሁ አድርቁት። በነፋሱ በኩል ክር መምዘዝ ሲጀምር ወዲያው አምጡት። ጫፉን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቆርጬ እንደገና እቀመቅመዋለሁ፣ ትንሽ ቢያጥርም አንድ ክረምት ይጨምራል። አንድ ዝርግ እጅ ያህል ከተቀደደ በኋላ ከመጣ ግን አዲስ መስፋት ነው። ያረጀውን መወልወያ አታድርጉት። አባየ ያረጁትን አጥቦ፣ ተኩሶ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣቸው ነበር፤ እኔም አስቀምጣለሁ። ዘውዱ የተፈታው አንበሳ አሁንም እዚያ አለ።

ከተቆረጠው የተረፈውን ቁራጭ ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ክር ጠቅልላችሁ፣ ባንዲራው የተሰፋበትን ዓመት በወረቀት ጽፋችሁ አስቀምጡ። ለጥገና በሚቀጥለው ዓመት ገበያ ብትወጡ ያንኑ አረንጓዴ አታገኙትም።